ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ፊላ

ልብስ ሰፊዋ እልኸኛ ናት። ከባሏ እህት ጋር ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። ረግረጉን ለወፎች መልሰን እናልማ ተብሎ ሰፈርተኛው እሁድ እሁድ በፈቃዱ ሲወጣ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን መስመር ደረሳቸው። ሥራው የተጨናነቀውን ፊላ አጭዶ ለውሃው መተንፈሻ መክፈት ነው። ጎጆ ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ እሱ አይነካም። ጨርቆቹን ከሱቋ ቁርጥራጭ መርጣ የሰጠችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት።

«እትዬ፣ ለአንቺ መርፌ ይሻልሻል፤ ማጭዱን ተይው!» አለቻት የባሏ እህት፣ አሥር እርምጃ ያህል ቀድማት።

አበቃ፤ ደሟ ፈላ። አንገቷን አቀርቅራ ታጭድ ጀመር። አንዱ ጨርቅ ማጭዷ ላይ ሲጠመጠምባት «ቆይ፣ መልሼ አስረዋለሁ» ብላ ፈትታ ኪሷ ከተተችው። ኧረ መቼ አስታውሳ! የነቃችው እግሯ ሥር ቀጭ ሲል ነው። አምስት የዳክዬ እንቁላል።

ዙሪያዋን አየች። ያያት የለም። ያጨደችውን ፊላ ጎተት አድርጋ ሸፈነችው።

በማግስቱ ሥራውን የሚመራው መምህር ቅርፊቱን አገኘ። «ውሻ ነው» ተባለ። በዚያ አካባቢ ውሻ ያላቸው የፓምፕ ቤቱ ዘበኛ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስረዋለሁ» ሲሉ ልብስ ሰፊዋ እዚያው ቆማለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሷ ዝምታ ግን በሦስተኛው ቀን ነቀዘ። የደንበኛ ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ወገቤን» አለችው። ወገቧ እንኳ ደህና ነበር፤ ያመማት ሌላ ነው።

እሁድ ሲደርስ፣ ሰዉ ሁሉ እንደተሰበሰበ፣ ዘበኛው ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ ጎጆውን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ውሻው አይደለም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

የባሏ እህት ዞር ብላ አየቻት። መምህሩ «እንኳንም ተናገርሽ» አላት። እፎይ አለች፤ ከደረቷ ድንጋይ የተነሳላት መሰላት። የቀራት የሽማግሌው ቁጣ ብቻ ነው። ይስደቡኝ፣ ይገባኛል ብላ ጠበቀች።

ሽማግሌው አልተቆጡም።

«መታሁት እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «በዱላ ነው የመታሁት። እግሬ ሥር ሲተኛ ጥፋቱን ያመነ መስሎኝ ደገምኩት።»

ዱላቸውን እዚያው ጥለው ወደ ፓምፕ ቤቱ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋም ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። ገመዱን ፈቱለትና እጃቸውን ዘርግተው «ና፣ የኔ ልጅ» አሉት። ውሻው በሆዱ እየተሳበ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለች። እሳቸው ግን መሬት ላይ ተንበርክከው ውሻውን ይቅርታ እየለመኑ ነበርና አልሰሟትም።