ጎርፍ ያባረረው ሰው

የቆቦ ሙቀት እንቁላል መንገድ ላይ ይቀቅላል የሚሏችሁን አትመኑ። ውሸት ነው። የሚቀቅለው ዶሮዋን ነው፤ እንቁላሉማ ገና ሳይጣል በስሎ ያለቀ ነው። ይግዛው ሚስቱን ከፈለችን አስከትሎ ከጊዳን ደጋ የወረደው እንዲህ ባለ ግንቦት ነበር፤ መሬት ለአራሹ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት። ጊዳንን ለማያውቅ ሰው፦ ቆቦ ሜዳ ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያንጋጥጡ ሰማይ መስሎ የሚታየው ሰማይ አይደለም፤ ጊዳን ነው። እዚያ ላይ ሰው በሐምሌ ሲያስነጥስ ከአፍንጫው በረዶ ይዘንባል።

ይግዛው ደግሞ ገደል የሚያርስ ገበሬ ነበር። ዝንጀሮ እንኳ በቂጧ ተቀምጣ እየተንሸራተተች በምትወርደው ተዳፋት ላይ እሱ በሬ ይጠምዳል። ማሳው ከመቆሙ የተነሳ አንደኛው በሬ የሚራመደው በሌላኛው ቀንድ ላይ እየረገጠ ነበር ይላሉ። ያላመነ ጊዳን ወጥቶ ይጠይቅ፤ በሬዎቹ ባይኖሩም ገደሉ አለ።

ይህ ሁሉ ጀግንነት ግን አላበላውም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይሄድና ለይግዛው ድንጋዩንና ስሙን ብቻ ይተውለታል። በስድሳ ስድስቱ ረሀብ የመጀመሪያ ልጃቸው ቆንጅት ሞተች። ገና ድክ ድክ ትል ነበር። እዚያው ደጋ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቀበሯት። ስለዚህ ነገር ምንም የሚጋነን የለም።

የቆላው ገበሬ ማኅበር ተቀበላቸው። ሊቀመንበሩ ከሆርማት ወንዝ ዳር አንድ ማሳ አሳየውና «ዘንድሮ እረስ» አለው። «ለመኸር ፍሬ ካሳየኸን መሬቱ ያንተ ነው። ካላሳየኸን ለሚያርሰው እንሰጠዋለን። ደግሞ ሁለት አገር መሬት መያዝ አዋጁ አይፈቅድም፤ የጊዳኑን ትለቃለህ።»

«እለቃለሁ» አለ ይግዛው በአፉ። በሆዱ ግን አልለቀቀም። ያንን ድንጋይ መልቀቅ ቆንጅትን ብቻዋን ጥሎ መሄድ መሰለው።

ከፈለች ይህንን ከፊቱ ላይ አነበበችው። ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ስማኝ ይግዛው» አለችው። «ሁለተኛ ልጅ እዚያ ድንጋይ ላይ አልቀብርም። ይሄ መሬት ካመለጠን አንተ ወደ ደጋህ ውጣ። እኔ ሰው ቤት እየፈጨሁም ቢሆን እዚሁ አድራለሁ።»

ይህንን ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ከፈለች ስትጮህ ዶሮ እንኳ አትደነግጥም። ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ግን ተራራ ቦታ ይለቃል።

ይግዛው ያንን መሬት ያድን ዘንድ ቆርጦ ተነሳ። አፈሩ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ቅቤ በቢላ የሚቆረጥ ነበር፤ ከተራበ ሰው ፊት ቢያስቀምጡት ጨው ነስንሶ ይበላዋል። ይግዛው እንዲህ ያለ አፈር በሕይወቱ አይቶ አያውቅምና እንቅልፍ አጣ። በእሱ አገር ልማድ መጀመሪያ የሚሠራው የጎርፍ መቀልበሻ ነው። ሰኔን ሙሉ ከማሳው በላይ ቦይ ቆፈረ፣ በቦዩ አፋፍ ላይ ደግሞ የድንጋይ ካብ ካበ። ምን ያለ ቦይ! ሦስት ግመል ከነጭነቱ ጎን ለጎን ያሳልፋል። ካቡን ያየ የአላማጣ ሾፌር ወህኒ ቤት ሊሠራ ነው ብሎ መንገድ ቀየረ አሉ።

ከበታቹ የሚያርሰው ጎረቤቱ ዘይኑዲን አንድ ቀን ቆሞ ተመለከተና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ማሻአላህ! ሸጋ ቦይ ነው። ውሃውን ወዴት ነው የሚወስደው፣ አያ ይግዛው?»

«ወዲያ!»

«ወዴት ወዲያ?»

«ከዓይኔ ወዲያ!»

ዘይኑዲን ከት ብሎ ሳቀ። የደጋ ሰው ቀልድ መሰለው። ጎርፉ ሲመጣ የቦዩን አፍ ወደ ማሳው የሚከፍትበት አንዳች ብልሃት ይኖረዋል ብሎ ሄደ። በዚያ አገር አንድን ገበሬ ጎርፍ ወደ ማሳህ አስገባ ብሎ መምከር፣ ጉርሻህን ወደ አፍህ አስገባ ብሎ እንደ መምከር ነው፤ ማን ይደፍራል?

ሐምሌ ገባ። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ዝንብ ሲያልፍ ጥላው ይታያል። ከላይ ከጊዳን በኩል ግን ነጎድጓዱ ሲያጓራ ዋለ። ከቀትር በኋላ ከወንዙ ዳር «ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወንዱ አካፋና ዶማ እየነጠቀ፣ ሴቱ እልል እያለ እንደ ሠርገኛ ወደ ማሳው ነጎደ። ይግዛው እልልታው አልገባውም። ምን ያለ ደፋር ሕዝብ ነው፣ ጎርፍን በእልልታ የሚገጥም ብሎ እሱም አካፋውን አንስቶ በረረ።

ጎርፉ ግማሽ ተራራ አዝሎ መጣ። ይግዛውም ገጠመው። ካቡ በላላበት ድንጋይ ይወረውራል፤ ቦዩ በሞላበት ጭቃውን በአካፋ ይዝቃል። ድንጋይ ሲያልቅበት ራሱ ካቡ ላይ በጀርባው ተኛና ጎርፉን በእግሩ ረገጠው። ውሃው እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። አፍሮ በማሳው ዳር ዞረና ቁልቁል ወደ ዘይኑዲን መሬት ወረደ።

«ከፈለች!» ብሎ ጮኸ ይግዛው ጭቃውን ከጥርሱ እየተፋ። «አየሽ? አንዲት ጠብታ አላስገባሁም!»

ዘይኑዲን እስከ አንገቱ ጨቅይቶ፣ እያለከለከ መጣ።

«አያ ይግዛው! ምን አጠፋን? ማን አስቀየመህ?»

«ምን ማለትህ ነው? መሬቴን አዳንኩት እኮ!»

«ከምን?»

«ከጎርፍ ነዋ!»

ዘይኑዲን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ያረቢ! አንተ ሰው፣ እዚህ አገር ሰማይ የሚያዘንብ መስሎሃል? ዝናባችን እኮ ጎርፉ ነው! እናንተ ላይ ይዘንባል፣ እኛ እናርስበታለን። ይሄ አፈር ከየት የመጣ መሰለህ? ከናንተው ነው! ወላሂ፣ የገዛ አባትህ እርሻ ደጅህ ድረስ ቢመጣ በእርግጫ ብለህ አባረርከው!»

ይግዛው ማሳውን አየ። ደረቅ ነበር፤ አቧራው እንኳ አልረጠበም። ከታቹ የዘይኑዲን መሬት ግን ጠግቦ ያብለጨልጫል። ከፈለች ምንም አላለችም። ከጩኸቷም ከዝቅተኛ ድምጿም የባሰ ሦስተኛ ነገር እንዳላት ይግዛው ያን ቀን አወቀ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በሮቢት «ጎርፍ አባራሪው» አሉት፤ ጎብዬ ሲደርስ ባሕር የገፋ ሰው ሆኖ ነበር። ስሙ ይቅር፤ የውሃ ተራው ግን አለፈ። የጎርፉን ተራ የሚደለድሉት የአካባቢው የውሃ አባት ሸህ አብዱሰመድ ጢማቸውን እየዳበሱ ነገሩት።

«ልጄ፣ ውሃ ከላይ ወደ ታች በተራ ነው። የላይኛው ጠጥቶ ሲበቃው ለታችኛው ይለቃል። ሳይጠጣ ያሳለፈ ሁሉም እስኪዳረስ ይጠብቃል። ልቀይርልህ ብል ነገ ሰው በአካፋ ይፋለጣል።»

«ሁሉም እስኪዳረስ ክረምቱ ይቆያል?»

«አላህ ያውቃል» አሉ ሸሁ። የእሳቸው አላህ ያውቃል፣ አይቆይም ማለት እንደሆነ ቆላው ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ ጧት ዘይኑዲን ራሱ ሸሁ ዘንድ ሄደ። ይግዛው ሊለምን ሄዶ ደጅ ቆሞ ነበርና ሰማው።

«ሸሁ፣ እህል አልወርድ አለኝ። የሰው ሐቅ ማሳዬ ውስጥ ገብቷል። ሳያውቅ ያሳለፈውን የይግዛውን ውሃ የኔ መሬት ጠጥቶታል። የሚቀጥለው ተራዬ የሱ ይሁን።»

«ያንተን ተራ መስጠት ትችላለህ» አሉ ሸህ አብዱሰመድ። «ግን ካቡን በገዛ እጁ ያፍርስ። ሰው ካፈረሰለት ከርሞም ያባርረዋል።»

ይግዛው ደጁ ላይ እንደ ቆመ ዓይኑ እንባ ሞላ። በጊዳን አንድ ሰው በወሰን ድንጋይ ከወንድሙ ጋር ሲካሰስ ያረጃል። እዚህ ደግሞ በወጉ እንኳ የማያውቀው ሰው ሳይጠየቅ ውሃ ይመልስለታል። ዘይኑዲን ሲወጣ እግሩ ላይ ሊወድቅ አለ።

«ተው፣ ተው፣ አብሽር» አለው ዘይኑዲን ክንዱን ይዞ እያነሳው። «ጉልበትህን ለካቡ አስቀምጥ። የሠራኸው ካብ እኮ የሚፈርስ አይመስልም፣ አንተ ሸይጧን!»

የዘይኑዲን ሚስት ኡሙልኸይር ደግሞ የጤፍ ዘር በቁና ይዛ ከፈለች ዘንድ መጣች። ከፈለች ከደጋ ተሸክማ ያመጣችውን የገብስ ዘር ስታሳያት ኡሙልኸይር ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እታለም፣ ይሄን እዚህ ብትዘሪው ተቆልቶ ነው የሚበቅለው!»

«እንግዲያ ቀድመን እንቁላዋ» አለች ከፈለች። የዘር ገብስ መቁላት በእሷ አገር ነውር ነው፤ እናቷ ብታይ ራሷን ትስት ነበር። ቆሉትና እየሳቁ በሉት። ከወረደች ጀምሮ ከፈለች ስትስቅ ይግዛው የሰማው ያን ቀን ነው።

ካቡ ግን አልፈረሰም። ይግዛው ዛሬ ነገ ይላል። ዶማውን ያነሳል፤ ያኔ አባቱ በጎርፍ ፊት ድንጋይ ሲያቀብሉት ይታየዋል፤ ዶማውን ያስቀምጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሌባ ያለውን፣ በር ከፍቶ ግባ ማለት እንዴት ይቻላል?

ነሐሴ እንደገባ ጩኸቱ እንደገና ተሰማ። ይግዛው ካቡ ላይ ደረሰ፤ ውሃውም ደረሰ። ዶማውን ወደ ላይ አነሳ። እጁ እንቢ አለ። እንዲያው በአየር ላይ ቀረ።

«ያዝ እንግዲህ! ተራህ እያለፈ ነው!» ይጮኻል ዘይኑዲን ከታች። «በለው!»

ውሃው ዳሩን ይዞ መዞር ጀመረ። ያን ጊዜ ከፈለች ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቦዩ ውስጥ ገባችና በሌላው እጇ ካቡን መናድ ያዘች። አንዲት ድንጋይ ነቅላ ወረወረችና ቀና ብላ አየችው።

«ይግዛው» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምጿ። «ሌባ አይደለም። ከቆንጅት አጠገብ የመጣ ውሃ ነው።»

ዶማው ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍ አይበቃም። በአንድ ምት ግማሹ ካብ ተናደ፤ ድንጋዩ እየተፈናጠረ ዋጃ ላይ ጣራ በሳ የሚሉ አሉ። ይግዛው ሚስቱን አቅፎ ወደ ዳር አወጣትና ጎርፉ እንደ ልማደኛ እንግዳ ዘው ብሎ ገባ። ቀይ፣ ወፍራም፣ የደጋ ሽታ ያለው። ማሳው ሲጠጣ የጉሮሮው ድምፅ ይሰማ ነበር። በውሃው ላይ አንዲት የአስታ ቅርንጫፍ እየተንሳፈፈች መጥታ ይግዛው እግር ሥር ቆመች፤ አስታ ከጊዳን አናት በቀር አይበቅልም። አነሳት፣ አሸተታት፣ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘይኑዲን ቀልዱን ተወና ሄዶ አጠገቡ ውሃው ውስጥ ቆመለት።

ጤፉ ተዘራ። እንዴት ያለ ጤፍ! አንዲት የአፋር ነጋዴ ግመል ገብታበት ስትፈለግ ዋለች፤ የተገኘችውም ጠግባ ስታገሳ ተሰምታ ነው። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ መሬቱ ጸናላቸው። ከፈለች በጥቅምት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ኡሙልኸይር ይዛት አዋለደቻት። ይግዛው በዚያ ሰሞን ያላመሰገነው ፍጥረት የለም። እግዜርን አመሰገነ፣ ሸሁን አመሰገነ፣ በሬዎቹን አመሰገነ፤ ዘይኑዲንንማ በየመንገዱ እያስቆመ ስላመሰገነው ሰውየው በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረ።

በኅዳር መጨረሻ ይግዛው ወደ ጊዳን ወጣ። መሬቱን ለወንድሙ ለቀቀና ተመለሰ። ሲደርስ ከፈለች ልጁን አዝላ አውድማ ላይ ጤፍ ታነፍሳለች።

«ለቀቅከው?» አለችው።

«ለቀቅኩት።»

ሰፌዱን አስቀመጠች።

«እሷስ?»

«ሣር በቅሎባታል። ወንድሜ ዙሪያዋን ድንጋይ ደርድሮላታል። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ወንድሟም፣ ስለ ዘይኑዲንም።»

«ስትነሳስ? ደህና ሁኚ አልካት?»

«አላልኳትም» አለ ይግዛው። «በክረምት እንገናኛለን አልኳት።»

ከፈለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና «በል ያዘው፣ ነፋሱ ሳያልፍብኝ» ብላ አቀበለችው።