ሩቅ አገር ያለው ልጅ

በያጁን ሠራተኞቹ በሌለበት «ጳጳሱ» ይሉታል። ብየዳውን አቁሞ መስበክ ይወዳላ! ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ቁምስና አዳራሽ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶችን ያስተምራል። «ቤተሰብ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ናት» ይላቸዋል። «የገዛ ወላጁን ረስቶ ለድሃ የሚመጸውት ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው።» አፉ ይጣፍጣል፤ ያስቃቸዋል፣ ያስለቅሳቸዋል።

እናቱ ከብየዳ ቤቱ ብዙም ሳትርቅ ብቻዋን ትኖራለች። ግማሽ ጎኗ ከደነዘዘ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይጠይቃት ነበር። አንድ ቀን ሲገባ ግን አልጋው ረጥቦባት አገኛት። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ስልክ የተደወለለት መስሎ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሥራ በዛበት። አስቤዛ በሠራተኛ ይልክላታል፤ የሚያጥባትና የሚያገላብጣት ግን ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት።

ለሕሙማን በሚጸለይበት እሑድ፣ በቅርቡ የመጡት ቆሞስ ሕሙማኑን ቅዱስ ዘይት ሲቀቡ የጸሎት መጽሐፉን ይዞ የሚከተላቸው በያጁ ነበር። ቆሞሱ ደረታቸው ላይ ማይክ አድርገዋል። «ቤተሰብ ከኋላ ቆሞ ትከሻቸውን ይያዝ» አሉ።

ከተሽከርካሪ ወንበሮቹ በአንደኛው ላይ እናቱ ተቀምጣለች። መምጣቷን አላወቀም ነበር። የወንበሩ የእግር ማሳረፊያ ተሰብሮ በጨርቅ ታስሯል። የበያጅ እናት! ትከሻዋን የያዘቻት ልብስ ሰፊዋ ናት።

«ልጃቸው ነሽ?» አሏት ቆሞሱ።

«ጎረቤታቸው ነኝ፣ አባ።»

«ልጅ የለዎትም እንዴ፣ እናቴ?»

እናቱ ቀና ብላ በያጁን አየችው።

«አለኝ፣ አባ። ሩቅ አገር ነው ያለው» አለች።

ድምፅ ማጉያው ቃሏን ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አሰማው። የሚያውቋቸው ሰዎች ወደ መሬት አቀረቀሩ። እሱ የሚያስተምራቸው ጥንዶችም ተያዩ። በያጁ አንድ ቃል መናገር ይበቃው ነበር። ቆሞሱ ግንባሯንና መዳፎቿን ቀቡ። እሱ «አሜን» ብሎ ገጹን ገለጠላቸው፤ ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ አለፉ።

ከቅዳሴ በኋላ ቆሞሱ ልብሰ ተክህኖ ሲያወልቁ በያጁ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«አባ፣ ሩቅ አገር ያለው ልጅ እኔ ነኝ።»

«ንስሐህን እሰማለሁ» አሉት ቆሞሱ። «አሁን ግን እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

እናቱ ቤት ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ አልጋ ላይ እያስተኛቻት ነበር። ሳፋውን ውሃ ሞልታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለትና ወጣች።

«እማዬ፣ ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ታዲያ ሰው ፊት ምን ልበል? ይኸው አጠገቤ ቆሟል ልበል?»

ፎጣውን ነክሮ ጀርባዋን ማጠብ ጀመረ። ብረት የለመደ እጁ ከበዳት መሰል «ቀስ በል፣ ብረት አይደለሁም» አለችው። ሊያገላብጣት ሲሞክር የታመመው ክንዷ ከሥር ተጣጠፈ፤ ጥርሷን ነከሰች። ሁለቱም አፍረው አይን ለአይን አልተያዩም።

«ነገም ትመጣለህ ወይስ እሷን ልጥራት?» አለችው ልብሷን ሲያለብሳት።

«እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጥንዶቹ ፊት ቆሞ ቀልድ አልቀለደም። «ያስተማርኳችሁ እውነት ነው፤ እኔ ግን አላደረግሁትም። በጆሯችሁ ሰምታችኋል» አላቸው። የሳቀም፣ ያለቀሰም የለም። ሌላ አስተማሪ እንዲፈለግላቸው ቆሞሱን ጠየቀ።

ልብስ ሰፊዋ ለብዙ ጊዜ በየጠዋቱ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ ትል ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ታገኘዋለች።

«እውነት መጥተህ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ትለዋለች።

እሱም አይቀየማትም። «እይ» ይላታል፣ ቀና ሳይል።