የሁዳ መርዶ

የመካነ ሰላሙ የፊዚክስ መምህር ያሲን ሥራው ግምት ነው። እስካሁን ማንም ያልሠራቸው እጅግ ከባድ አቶሞች ቢሠሩ፣ አስኳላቸው ሳይፈርስ ምን ያህል እንደሚቆይ በላፕቶፑ ያሰላል። ከብዙ አስኳሎች ግማሾቹ ፈርሰው የሚያልቁበትን ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይለዋል። ባልደረቦቹ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይተርቡታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሰውየው ጠንቃቃ ነው፤ ያላጣራውን ቁጥር ከአፉ አያወጣም። ጠንቃቃነቱስ ባልከፋ፤ ቤቱ ድረስ ይዞት ገባ እንጂ።

እህቱ ሁዳ በባሕር ወደ ሳዑዲ ስትሻገር ከጠፋች ዓመታት አልፈዋል። የተሳፈረችበት ጀልባ በረመዳን ውስጥ ሰጠመ ተባለ፤ ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም፣ ሬሳዋንም ያየ የለም። በአገሩ መርዶ ሳይነገር ለቅሶ አይቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አባት በሌለበት ቤት ያለ ታላቅ ወንድሟ ፈቃድ መርዶ አንናገርም አሉ። በመጡ ቁጥር ያሲን ማስረጃ ይጠይቃቸዋል። አስኳል አያረጅም፣ ይላቸዋል፤ ዓይነቱ አንድ ከሆነ ብዙ የቆየውም ዛሬ የተሠራውም ነገ የመፍረስ ዕድላቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ዘመን ዝም ያለች ሁሉ ሞታለች አይባልም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። እውነቱን ለመናገር ፊዚክሱ ሰበብ ነበር፤ ያሲን ፈርቶ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቱ ሀጀራ አቀስታ ከተማ ለቅሶ ደርሳ ተመለሰችና ጫማዋን ሳታወልቅ ከላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጠች። ያልተፈጠረውን ዕድሜ የምትገምት ከሆነ የልጄንም ገምትልኝ አለችው። ያሲን ስሌቱ ለብዙ እንጂ ለአንድ እንደማይሆን፣ አንዱ ብቻውን መቼ እንደሚፈርስ ማንም እንደማያውቅ ሊያስረዳት ሞከረ።

«ያሲኔ፣» አለችው፣ «በሰው ለቅሶ ተደብቄ ልጄን ማልቀስ ሰለቸኝ። በአላህ ይሁንብህ፣ መርዶዬን አንተው ንገረኝ።»

ያሲን ላፕቶፑን ከደነው። እናቱ ለካ ስትጠብቅ የኖረችው ሁዳን ሳይሆን እሱን ነው።

«ሞታለች፣ እማ።»

«መቼ?»

በየዓመቱ ሰደቃ የምታወጣላት ቀን ያስፈልጋት ነበር። ያሲን ቀኑን የሚያሰላበት ምንም ነገር አልነበረውም።

«በረመዳን የመጨረሻው ጁምዓ፣» አለ። «ተኝታ ሳለች ነው። አልተሠቃየችም።»

ሀጀራ ቀኑን እንዳትረሳው በለሆሳስ ደገመችው። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ጮኸች። ያሲንም የት እንዳለች የማያውቃትን እህቱን ራሱ በቃሉ ገድሎ፣ ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ አለቀሰላት።