አንድ ማንኪያ ወተት

ተቀመጡ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እግራችሁን ዘርጉ፤ ይህን ነገር በችኮላ ልነግራችሁ አልችልም። ስለ እናቴ ነው።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ከወሎ አምጥተው አሶሳ ያሰፈሩን ዓመት። ቤቱ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር፣ ፀሐዩማ አይጣል ነበር። ምግብ የሚበስለው በጋራ ነው፤ እኔም ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ አንዷ ነበርኩ። ሁዳዴ በገባ በአምስተኛው ሳምንት እናቴን የዝናን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት ሥጋዋንም ይዞት ሄደ። ክንዷን ስይዘው ጣቶቼ ዞረው ይገናኙ ነበር።

የአምባችን ጤና ረዳት ገቢሳ የሚባል የወለጋ ልጅ ነበር። አይቷት ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ጽጌ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። አሁን የሚገድላቸው ረሃቡ ነው። ወተት ካልጠጡ ፋሲካን አያዩም።»

የዱቄት ወተት በጆንያ ሞልቷል። ችግሩ እሱ አልነበረም። እናቴ ሰምታን ኖሮ ከውስጥ፣ «ጾም ነው!» አለች።

ገቢሳ ተመልሶ ገባ። «እማማ የዝና፣ ለታመመ ሰው ይፈቀድ የለም እንዴ?»

«የንስሐ አባቱ ሲፈታው ነዋ። የእኔ አባት ወሎ ሳለን መጠለያው ውስጥ በተስቦ አረፉ። ማን ይፍታኝ?»

«እኔ ፈታሁዎት።»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ጴንጤ! ጾሞ የማያውቅ ሊፈታኝ!» ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

እሱም እየሳቀ ተለማመጣት። «እማማ፣ ወተት እኮ አብዛኛው ውኃ ነው። ሥጋ የሚሠራ፣ አጥንት የሚያጸና፣ ትንሽም ጣፋጭ ነገር ገብቶበት ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ውኃውን ለእኔ ስጠኝ፤ የቀረውን አንተ ጠጣው።»

ያን ቀን ላታልላት ቆረጥኩ። የበቆሎ አጥሚት በወተት ሠራሁላት። ወተት እንደ ውኃ አይደለም ልጆቼ። ውኃ ሲፈላ ባለበት ይንተከተካል፤ ትታችሁት ብትሄዱ ይጠብቃችኋል። ወተት ግን ይነሣል፣ ዞር ሲሉ ከድስቱ ወጥቶ እሳት ውስጥ ነው። ሥሩም ያርራል። በነጠላዬ አጠለልኩት፤ ሽታውን ይሸፍንልኝ ብዬ ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ጨመርኩ፣ ጨውም አበዛሁ።

ኩባያውን ተቀበለችኝ። ጥቂት አቆየችውና ላዩን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ስስ ቆዳ ጣቷን ተከትሎ ተነሣ።

«ጽጌዬ፣ ውኃ ሲበርድ ቆዳ ያወጣል?»

ኩባያውን መልሳ ዘረጋችልኝ።

«በይ ውሰጂው፣ ለጎረቤታችን ለአሰለፈች ልጆች ስጪያቸው። አይክፋሽ። ቤቴንም የአባትሽንም መቃብር ትቼ መጣሁ። አብሮኝ የመጣ ይህ ጾም ብቻ ነው።»

ለገቢሳ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው አንድ ማንኪያ ብቻ በብዙ ውኃ ጨምሪበት፤ አይታወቅም።»

«አንድ ማንኪያ ያድናታል?» አልኩት።

በማግሥቱ አጥሚቱን በውኃ ሠራሁ። ፈላ፣ አልተነሣም። አንዷን ማንኪያ ጨመርኩ፤ ውስጡ ጠፋች። እናቴ በጣቷ ነካችው፣ ቀና ብላም አየችኝ።

«በውኃ ነው?»

«በውኃ ነው፣ እማዬ።»

አመነችኝ። እስከ ጭላጩ ጠጣችውና መረቀችኝ።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አጠጣኋት። ማንኪያዋን ሁለት ላደርጋት እልና እጄ ይያዝብኛል፤ ከነቃችብኝ ውኃውንም ትተወዋለች ብዬ። ለሆሣዕና ዋዜማ አረፈች። ያቺ ማንኪያ እሷን ለማዳን አነሰች፤ ጾም ለመሻር ግን በቃች።

ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፣ ቄስም መጡ። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። እኔን ፈቱኝ። ስለ እሷስ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? እሷማ ምን አጠፋችና?

ልጆቼ፣ እኔ ሳልፍ ይህን ነገር ከእኔ ጋር አትቅበሩት። የዝና ጾሟን አልሻረችም፤ የሻርኩት እኔ ነኝ። አደራ፣ እንዲህ ብላችሁ አስታውሱልኝ።