ለምርመራ ቀን የተቀመጠ ፍሬን

ዔሊን ሰፈሩ ውስጥ የማያውቃት የለም። ጀርባዋ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ አሮጌ መኪና ናት፤ በዕድሜ የአሁኗን ሾፌሯን፣ የሰፈሩን ፀጉር ሠሪ ትበልጣታለች። ፀጉር ሠሪዋ መንዳት የተማረችው በሷ ነው፤ ያለቀሰችውም የሳቀችውም እዚያው መሪዋ ላይ ነው። ስለዚህ ዔሊን "ያ ቆርቆሮ" ብሎ የሚጠራን ሰው ዓይኑን ማየት አትፈልግም።

ይህን የሚለው ደግሞ የገዛ ወንድሟ ነው። ዓመታዊው የመኪና ምርመራ በደረሰ ቁጥር "ዘንድሮስ አታልፍም" ይላል፤ ዔሊ ታልፋለች፤ እሱ ያኮርፋል። ዘንድሮ ግን አባታቸው ዓይናቸው ደክሞ መሪውን ለሴት ልጃቸው ሲያስረክቡ ቀዳዳ አገኘ። ከወደቀች ለብረት ገዢው ትሸጥ ብሎ ችክ አለ። አባትየው ጭቅጭቁ ቢሰለቻቸው ጊዜ "ከወደቀች ይሁን" አሉት። እሱም ሳይውል ሳያድር ብረት ገዢውን ለምርመራው ዕለት ከሰዓት ቀጠረው። ሰው ሳይሞት ሣጥን እንደማዘዝ ያለ ነገር ነው።

የቤታቸው በር ቁልቁለት ላይ ነው። ዔሊ ስትቆም ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይደረግላታል፤ ድንጋዩም የራሱ ቦታ አለው፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር። የእጅ ፍሬኗ አይነካም። ፀጉር ሠሪዋ ገና መንዳት ስትማር አባቷ "እሱን እንዳትነኪ" ብለዋት ነበር፤ እሷም የሞተ ፍሬን ነው ብላ ደመደመች። በምርመራው ጠዋት ልትጠይቃቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። መልሱን ፈራችና ዋጥ አድርጋው ወጣች።

ምርመራ ቤቱ ውስጥ ተራዋ ደረሰ። መርማሪው ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ ነው። መብራት አስበራት፤ በራ። ፍሬቻ አስነካት፤ ብልጭ ብልጭ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሆዷን በባትሪ አየና ዝገት አጣባት። የእግር ፍሬኑም ቀጥ አድርጎ ያዘ። ፀጉር ሠሪዋን ደስታው አላስችል አላት፤ በሆዷ ወንድሟን መሳደብ ሁሉ ጀምራለች።

"ውረጂ" ሲላት ወረደች። ወርዳም እጇ እንደለመደው ከወንበሩ ሥር ድንጋዩን አወጣችና ከኋላ ጎማው ሥር ሸጎጠችው።

መርማሪው ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ። "እህቴ፣ ይቺ መኪና የእጅ ፍሬን የላትም እንዴ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በገዛ እጇ ጉዷን አፈላችው። መርማሪው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ገባና የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ሁለት ሠራተኞች ጠርቶ አስገፋት። ገፉ፣ አቃሰቱ፤ ዔሊ ወይ ፍንክች። "ይሄ እኮ አዲስ ነው" አለ መርማሪው ተገርሞ፤ ፀጉር ሠሪዋም ከሱ የባሰ ተገርማ አፏን ይዛ ቀረች።

ደስታዋ ግን አልበረከተም። ፍሬኑን ቢመልሱት ጎማው አልለቅ አለ። መርማሪው የማይለቅ ፍሬን እንደማያሳልፍ ነገራት። ከኋላ የተሰለፉት ክላክሳቸውን አቀለጡት። አባቷ ጋ ደወለች።

"የእጅ ፍሬኑን ማን ሳበው?" አሉ አባትየው።

መርማሪው መሆኑን ስትነግራቸው ነገሩን አወጡት። የእጅ ፍሬኑን ሽቦ አዲስ ያስገቡት እሷ መንዳት ከመጀመሯ በፊት ነው። እንዳያልቅባቸው ሳስተው ለምርመራ ቀን ብቻ አስቀመጡት፤ በየዓመቱ ከምርመራው በፊት ጓሮ ወስደው እየሳቡ እየለቀቁ ያፍታቱት ነበር። ዘንድሮ ረሱት። ፀጉር ሠሪዋ ትናደድ ወይስ ትሳቅ ግራ ገባት።

"ድንጋዩ አለሽ?" አሉ። "የተያዘውን ጎማ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል መታ መታ አድርጊው።"

ተንበርክካ መታችው። ምንም የለም። ደገመችው፤ ምንም። "በናትሽ ዔሊዬ" ብላ ስትሰልስ ጎማው ጧ ብሎ ለቀቀና ዔሊ ወደፊት ስትንከባለል መርማሪው ዘሎ ያዛት። ከዚያ ራሱ እየሳበ እየለቀቀ ደጋግሞ ሞከራት፤ አንዴም አልተያዘችም። ያ የማይፈታ ፊት ተፈታ። የዓመቱን ቦሎ መስታወቷ ላይ ሲለጥፍ ፀጉር ሠሪዋ እልል ብላ አቀለጠችው፤ ሰልፈኞቹም አጨበጨቡላት።

ቤት ስትደርስ ወንድሟና ብረት ገዢው በሩ ላይ ቆመዋል። አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቁልቁለቱ ላይ አቆመችና የእጅ ፍሬኑን ባላት ጉልበት ሳበችው። አባትየው ድምፁን ሰምተው ደንግጠው ተነሡ።

"አባዬ፣ አልፋለች" አለችና ድንጋዩን እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። "ይሄ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል።"

እየዳበሱ ወደ ዔሊ ሄዱና ጀርባዋን በመዳፋቸው ገፏት። አልነቃነቅ አለች። የደከመው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ለካ ስሳሳ የኖርኩት ላንቺ ኖሯል" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

ወንድምየው እንደለመደው ሊያኮርፍ ሲል ብረት ገዢው ዔሊን ዞሮ ዞሮ አያትና በሷ ካልሸኛችሁኝ ወይ ፍንክች አለ። ሁሉም ገቡ፤ ወንድምየውም ሳይቀር ከኋላ ተጣበበ። አባትየው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። እሷ ባቆመች ቁጥር የእጅ ፍሬኑን ራሳቸው እየሳቡ፣ ስትነሣ እየለቀቁ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ ሰፈሩን ዞሩ።