የአባዬ ድምፅ በየትኛው ኮምፒውተር?

ወንድሜና ባሌ አንድ ቀን እንኳ በሰላም ተቀምጠው ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። ጠባቸው የቁም ነገር ቢሆን እሺ፣ በኮምፒውተር ነው! ወንድሜ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው፤ ጥቁሩን ላፕቶፕ ከጉያው አይለየውም። ባሌ የቤት ፕላን ይነድፋል፤ የሱ ደግሞ ነጩ ነው። ሲስተማቸው ለየቅል ነው፣ የአንዱ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም። የላፕቶፖቹ ጌቶችም እንደዚያው ናቸው።

«ያንተኛው እኮ ቫይረስ ገና ሲሸተው ይተኛል» ይላል ባሌ።

«ያንተን ደግሞ ከሠሪው በቀር ማንም አይከፍተውም። የኔን እኔው ፈትቼ እገጥመዋለሁ።»

«ስለማይበላሽ ነዋ የማይከፈተው፣ አማቼ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥያቸው እወጣ ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ የአባዬ ነው። አባዬ የመኪና መካኒክ ነበር፤ ከአምስት ወር በፊት ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ድምፁን አጣ። የሚጽፈውን ቃል በቃል እየተከተለ የሚናገር ፕሮግራም ለሁለቱም ላፕቶፖች ለየብቻ አገኘን። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ከሩቅ ትደውላለች። ዓይኗ ስለደከመ መልእክት ማንበብ አትችልም። ስለ ቀዶ ሕክምናውም አልነገርናትም፤ በደወለች ቁጥር «ጉንፋን ይዞት ነው» እንላታለን። የአምስት ወር ጉንፋን! በመጨረሻ አባዬ «ውሸት ይብቃ፣ እኔው እነግራታለሁ» ብሎ በወረቀት ጻፈልን። መሃል ላይ ማሽኑ ሃንግ አድርጎ ቀጥ ቢልበትስ? ሴትዮዋ በድንጋጤ ትሞትብናለች።

ስለዚህ ሙከራ ጀመርን። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ በየቀኑ ከሰዓት፣ አባዬ በሁለቱም ተራ በተራ ለእህቱ የሚላትን ይለማመዳል፤ ብዙ ጊዜ ሃንግ ያደረገው ይሸነፋል። እኔ የነገር መነሻ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ደብተር ይዤ ሰዓቱንና ማሽኑ መጨረሻ ላይ የተናገረውን ቃል እመዘግባለሁ።

«ጥቁሩ ቀጥ አለ!» ይላል ባሌ እጁን እያጨበጨበ። ወንድሜ እየተነጫነጨ አጥፍቶ ያስነሳዋል። ቀጥሎ ነጩ ዝም ይላል፤ አሁን ደግሞ የወንድሜ ተራ ነው። አባዬ በየመሃሉ እጁን ያወናጭፋል። «አይዞህ አባዬ፣ እናስተካክለዋለን» እንለዋለን፣ ሦስታችንም ባንድ አፍ።

ቅዳሜ ሲቆጠር አምስት ለአምስት ወጡ። ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። አሥሩም ጊዜ የመጨረሻው ቃል አንድ ነው፤ «ድምፄ»።

«ምንም የማይገናኙ ሁለት ሲስተሞች እንዴት እዚያው ቃል ላይ ይቆማሉ?» አልኩ።

«የንግግር ፕሮግራሙ ነው» አለ ወንድሜ። «ሙቀት ነው» አለ ባሌ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም የራሳቸውን ማሽን ጥፋት ሊያምኑ ደረሱ!

«እስቲ አንዴ ይድገመው፣ ማናችሁም እንዳትነኩት» አልኳቸው። እኔም ስክሪኑን ትቼ የአባዬን እጅ አየሁ። «እታለም» ብሎ ጻፈ፤ ማሽኑ ተናገረ። «ድምፄ» ብሎ ጻፈ፤ ማሽኑ ተናገረ። ከዚያ የአባዬ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቆሙ። ማሽኑማ ምን ይሁን! ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች። ሃንግ ያደረገ ኮምፒውተር የለም፤ አባቴ ነው ቀጣዩን ቃል መጻፍ ያቃተው። እኛ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ባለ ቁጥር ማሽኑን አጠፋንበት። ተዉኝ እንዳይለን እንኳ የሚናገርበትን ነው የምናጠፋው። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

እሁድ አባዬ ነጩን ወደ ራሱ ሳበ። ወንድሜ «ለምን?» ቢለው «ቁልፉ ለጣቴ ይለሰልሳል» ብሎ ጻፈለት። የሦስት ቀን ክርክር በዚህ አለቀ። ስልኩ ጮኸ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ሃሎ! ጉንፋኑ አሁንም አልለቀቀህም?» አለች አክስቴ።

«እታለም፣ ድምፄ» አለ ማሽኑ። ዝም። ወንድሜ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሸቀ። ባሌ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እኔ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

«ድምፄ ጠፍቷል። አይመለስም። ይሄ ኮምፒውተር ነው፤ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ።»

«ማነህ አንተ?» ጮኸች አክስቴ። «አትቀልድብኝ! ወንድሜን አቅርብልኝ!»

 ላስረዳት ስልኩን ላነሳ ስል አባዬ እጄን ያዘኝ።

«እሺ፣ እሱ ከሆንክ» አለች፣ «ልጆች ሆነን ከአጥሩ ላይ እንዴት እንደወደቅክ ንገረኝ።»

የአባዬ ጣቶች ፈጠኑ።

«አልወደቅኩም። አንቺ ነሽ የገፈተርሽኝ።»

 «ዋሾ!» አለች፤ «ስድሳ ዓመት ሙሉ ስሜን የምታጠፋ ዋሾ!» እያለቀሰች ነበር። «ወንድምዬ፣ ምን አድርገውህ ነው? በል ንገረኝ፣ ቀስ እያልክ ጻፍ፣ የትም አልሄድም።»