ሮዳጅ ያልጨረሰችው ጎልፍ

…ብልጭ ይላል፣ ከመኪናዋ ሆድ ወደ ሳፋው በሚንቆረቆረው ዘይት ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ፣ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ይሞክራል፣ የምን ፀሐይ፣ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ የምን ፀሐይ፣ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ይነክራል፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል፣ ይቆረቁራል። ብረት ነው። ብሮንዚን ነው፣ የሞተሩን ዘንግ አቅፎ የሚይዘው ያ ስስ ብረት፣ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያመጣው፣ ተፍቆ ተፍቆ ዱቄት ሆኖ አሁን ሳፋ ውስጥ ይወርዳል። ዓለምነው አይሳደብም። የራሱን ስድብ እሑድ ማታ ጨርሶታል፣ ሰኞ ደግሞ ከሰው የሰማውን ጨርሷል፣ ዛሬ ማክሰኞ አፉን ዘግቶ ዘይቱን ያያል።

ሮዳጅ ላይ ናት ብሏል እኮ። በአማርኛ ነው የተናገረው፣ በግዕዝ አይደለም። ሞተሯ ተፈትቶ ገና መሠራቱ ነው፣ አዲሱ ብረት ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ቀስ ተብሎ ይነዳል፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ከስድሳ እንዳታልፍ፣ በአንደኛ ማርሽ እንዳታስጮሃት፣ ብሎ ነግሮታል፣ አንዴ አይደለም፣ ቁልፉን ሲሰጠውም፣ ሞተሩን ሲያስነሣም፣ ከግቢ ሲወጣም በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ነግሮታል፣ ወንድሙ ደረጄም እሽ ዓለሜ፣ እንደ እንቁላል ነው የምይዛት አለ። እንደ እንቁላል። እንቁላሉን ጠብሶ መለሰለት። የእናቱ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲያንገጫግጭ የሚውል፣ መሪ ከያዘ ሁሉም ነገር ባጃጅ የሚመስለው፣ ባጃጁንስ ቢሆን መቼ አዝኖለት ያውቃል።

ሰፈሩ የሚያውቃት አሮጌ ቀይ ጎልፍ ብሎ ነው። ከደረጄ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ፊቷ ላይ ጂቲአይ የሚል ሦስት የፈረንጅ ፊደል አለ፣ ትንሽ ናት ግን ስትረግጣት ከወንበር ጋር ታጣብቅሃለች ማለት ነው፣ ይሄንን ለማን ያስረዳል፣ ለክፍል ተማሪዎቹ አንዴ ሊያስረዳ ሞክሮ ሲሳሳቁበት ትቶታል፣ አስተማሪ ሰው፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ። ሲገዛት ከጭስ በቀር ምንም የላትም ነበር። እናቱ በርበሬ የምታሰጣበት ቆርቆሮ ሥር አስገብቶ ሞተሯን አወረደ፣ በርበሬው ወደ ጎረቤት ተሰደደ፣ ፒስተኖቹ አልጋው ሥር ከረሙ፣ የሞተሩን ቴስታታ፣ ያንን ከባድ ክዳን፣ ቶርኖ ቤት አስላጠ፣ የፒስተኖቹን ፋሻ ቀየረ፣ ሞላዎቿን በጠንካራ ለወጠ፣ ከሌላ የተጋጨች ጎልፍ የፍሬን ዲስክ ፈትቶ ገጠመ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ሰፋ አድርጎ አስበየደ፣ ነዳጅና አየሯን ደግሞ በጆሮው አስተካከለ፣ በጆሮው፣ እዚህ ጉና ሥር አየሩ ስስ ነው፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዓመት ፈጀ። ሰው በዓመት ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ እሱ ሞተር ሠራ፣ ምን አገባችሁ።

ከዚያ ሮዳጁ። በየማለዳው ከሥራ በፊት ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ወጣ ይልና ቀስ፣ ቀስ፣ በስተቀኝ ጥግ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ገና ሳያሳርፍ እያነሣ፣ ሚኒባስ ይቀድመዋል፣ ባጃጅ ይቀድመዋል፣ ገብስ የጫነ የአህያ ጋሪ እንኳ ሊቀድመው አስቦ የተወበት ቀን አለ፣ የመናኸሪያ ልጆች የለቅሶ መኪና የሚል ስም አወጡላት፣ መምህር ማን ሞተብህ ይሉታል፣ ዝም ይላል፣ ደረጄ ራሱ ባጃጁን አስጩኾ ቀድሞት እጁን አውለብልቦለት ያውቃል፣ ዝም አለ፣ ይቻላል ዝም ማለት፣ ትንሽ ቀን ነው የቀራት፣ ያኔ ይረግጣታል፣ ያኔ አንድ ቀን ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ብቻውን። ብቻውን ነበር የሚሰማት።

ጎረቤታቸው ጋሽ ይሻው ናቸው ያጠፉት። አይ፣ ጋሽ ይሻው አይደሉም። ናቸው እንጂ፣ ማን ነው ሌላ፣ ልጃቸውን ሩትን ለገሳይ ልጅ ሊድሩ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ፣ ለመኪና ሽማግሌ ሲላክ ማን ሰምቶ ያውቃል፣ ልቡ ትንሽ ሞቀ፣ ይዋሽ እንዴ፣ ሞቀ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው አወቃት ብሎ፣ ከዚህ ሁሉ መኪና እሷን መረጧት ብሎ። የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል አይደል፣ አሉ ጋሽ ይሻው፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ እዚያ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ሙሽሮቹን ከፊት ከፊት ይቀርጻቸዋል፣ ሌላው መኪና ሁሉ ኋላው ድፍን ነው። በር! ለበሯ ነው የፈለጓት፣ የዓመት ልፋቱን ቪዲዮ ቀራጭ እንዲቀመጥበት፣ ሮዳጅ ላይ ናት ጋሽ ይሻው አለ፣ አይሆንም አላለም፣ ሮዳጅ ላይ ናት አለ፣ እሳቸውም ሳቅ ብለው ልጄ መኪና ብረት ነው፣ ብረት ምን ይሆናል፣ ሟቹ ሰው ነው። እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች ከጓዳ ብቅ አለች፣ ዓይኗ ብቻ በቃው፣ ጎረቤት አስቀይመህ ነገ እኔ ስሞት ማን ያነሣኛል የሚለው ዓይኗ። እሽ አለ። ይሉኝታ ይሉታል ሲያቆላምጡት፣ ገመድ ነው፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አንገትህ ላይ አስረው ጫፉን ለሰፈር ሁሉ ያድሉታል፣ የፈለገ ይስብሃል፣ እሽ፣ እሽ፣ ይውሰዷት፣ ምን ችግር አለው። እሱ መንዳት አልቻለም፣ አጃቢ ነበር፣ የሙሽራዋ ወገን፣ ዘፈን ተቀባይ፣ ስለዚህ ደረጄ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፣ ብረቱ ነግሮታል። የቪዲዮ መኪና ወይ ይሳባል ወይ ይፈተለካል፣ ቅደም፣ ቁም፣ ይለፉ፣ እንደገና ቅደማቸው፣ እንዲህ እያሉ እስከ ገሳይ፣ ያንን ዳገት ሁሉ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ዘይቱ ቀጥኖ፣ የኋላው በር ተከፍቶ አቧራ እየጠጣች፣ ማታ ስትመለስ ከነአበባዋ ከነሪባኗ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች ነው፣ ከውስጧ ደግሞ ዶሮ ጣውላ እንደሚቆረቁር ቀ ቀ ቀ የሚል ድምፅ። ደረጄ ቁልፉን ለእናቱ ሰጥቶ ሹልክ። ከዚያ ወዲህ ቤት አላደረም። እሑድ ቀን ዓለምነው አደባባዩ ጋ ከአጃቢው መሃል ቆሞ ሳለ መኪናዋ በአጠገቡ አልፋለች፣ በአንደኛ ማርሽ እስከ ጥግ፣ ሰምቷታል፣ እና… ተወው፣ ዘይቱን፣ ዘይቱን ያስብ። ዘይቱ አለቀ፣ ጠብታ ሆነ።

እግሮች። የግቢው በር ተንሻፍፎ ይከፈትና እግሮች ይገባሉ፣ ከመኪናዋ ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው፣ ፊት የለ፣ የጋሽ ይሻው ለሰርጉ የተገዛ ቡናማ ጫማ፣ የእናቱ ሰማያዊ ኮንጎ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ባዶ እግር፣ ሰፊ፣ ትንሿ ጣት የተጣመመች፣ ያቺን ጣት ያውቃታል። ደሙ ግንባሩ ላይ ይወጣል። ዓለምነው ልጄ፣ እስቲ ብቅ በል ይላሉ፣ ዘይት እያወረድኩ ነው ጋሽ ይሻው፣ አረፍ ይበሉ ይላል፣ አረፍ አንልም ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው፣ ለዕርቅ ነው አመጣጣችን። ከሥሩ፣ ሥሩማ አንቱ ነዎት፣ ሊል ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ይመልሰዋል፣ ሽማግሌ ናቸዋ፣ ያቃጠሉት እሳቸው፣ የሚያስታርቁት እሳቸው፣ አለቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዳውላውን ሲደበድብ የሰነበተው፣ ግን ዳውላውም ቢሆን ጥፋተኛ ነው፣ ስድሳ ብሎታል፣ ስድሳ።

ወንድምህ ጥፋቱን አምኗል ይላሉ ጫማዎቹ፣ የገባበት ጠፍቶን ሰፈር ለሰፈር ፈልገን ነው ያመጣነው፣ እህል ካፉ አልገባም፣ አፈር ስሆን የኔ ጌታ ትላለች ኮንጎዋ፣ ስለ ኢየሱስ ብለህ። እንግዲህ መጣ። አሁን ይቅር ለእግዚአብሔር ማለት ብቻ ነው የቀረው፣ ካላለ ክፉው እሱ ነው፣ ከነገ ጀምሮ በሰፈር የሚወራው ሞተር ያቃጠለው ሳይሆን ይቅር ያላለው ነው፣ ለብረት ብሎ ወንድሙን፣ ለብረት ብሎ ሽማግሌ፣ እናቱን እንኳ አላፈረም፣ ይባላል፣ ንዴቱን የት ያድርገው፣ ንዴት ማስቀመጫ አልሠሩለትም፣ ይሄ ሁሉ ሥርዓት፣ ለሁሉ ነገር ሥርዓት አለን፣ ለተናደደ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ተናዶ የሚውልበት ሥርዓት የለንም፣ እንዲያውም አይወጣም፣ እዚሁ ይተኛል፣ ይሙቱ። የደረጄ እግር ይንቀጠቀጣል። ባዶው እግር ጉልበቱ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ላብ አፈሩ ላይ ጠብ ይላል፣ አንድ፣ ሌላ። ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጥ። ይወጣል፣ በክርኑ እየተሳበ ይወጣል።

ደረጄ ድንጋይ ተሸክሟል። ማጅራቱ ላይ፣ ከአጥሩ የተነቀለ ድፍን ድንጋይ፣ በሁለት እጁ ደግፎ አጎንብሷል፣ አፈሩ አንገቱ ላይ ከላቡ ጋር ጭቃ ሆኗል። ድሮ ሰው የገደለ ነበር ዕርቅ ሲለምን እንዲህ የሚያደርግ፣ ይሄ ለጎልፍ ብሎ፣ ሊስቅ ይቃጣዋል፣ አይስቅም፣ ንዴቱ አለ፣ እንዳለ ነው። ስድሳ አላልኩህም ይላል። ብለኸኛል ይላል ደረጄ ለመሬቱ። በአንደኛ ማርሽ አታስጩሃት አላልኩህም። ብለኸኛል ዓለሜ። ታዲያ። ደረጄ ድንጋዩን ያመቻቻል። ታዲያ አንተ፣ ምን አድርጌህ ነው፣ ምን በድዬህ ነው። ተወው ልጄ ይላሉ ጋሽ ይሻው፣ ይናገር ይላል ዓለምነው፣ አፉ የለም እንዴ፣ ይናገር።

እስከ አደባባዩ እንዳልከኝ ነው የያዝኳት ይላል ደረጄ፣ ድምፁ ከድንጋዩ ሥር ታፍኖ ይወጣል፣ ያ ቪዲዮ ቀራጭ ቅደም ቅደም እያለ ቢጨቀጭቀኝም እሽ አላልኩትም፣ አደባባዩ ጋ ስደርስ ሰዉ ሲያጨበጭብ ጊዜ ሳላስበው ረገጥኳት፣ ወዲያው ለቀቅኳት፣ ደነገጥኩ፣ አንተን ፈለግሁ፣ ሊገድለኝ ነው ብዬ፣ አየሁህ። ከሰዉ መሃል ቆመህ ትስቃለህ። ጥርስህ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለህ፣ እንዲያ ስትስቅ እኔ አይቼህ አላውቅም ዓለሜ፣ ፈቀደልኝ አልኩ፣ ደስ ብሎታል አልኩ፣ ከዚያ እስከ ገሳይ ረገጥኳት።

እናቱ ዓለምነውን ታየዋለች፣ ጋሽ ይሻው ያዩታል። ዋሽቷል ይበላቸው፣ ይበል፣ ይታመናል፣ ድንጋይ የተሸከመው እሱ አይደለም፣ ያኔ ማንም አላየውም፣ ሁሉም ሙሽሮቹን ነበር የሚያየው፣ ዋሽቷል ይበል፣ አፉ ግን አይታዘዝለትም፣ ምክንያቱም አሁን ያ ድምፅ መጥቷል፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሸሸው፣ በገዛ እጁ የሠራው፣ ዓመት ሙሉ ገብስ ከጫነ ጋሪ ኋላ ሲያዘግም በሐሳቡ ብቻ ሲሰማው የኖረው ድምፅ፣ አደባባዩን ሞልቶት፣ ንጣፍ ድንጋዩ ላይ እየነጠረ፣ ጆሮውን አልፎ ደረቱ ውስጥ ገብቶ፣ የለቅሶ መኪና ይሏታል፣ እስቲ አሁን በሏት፣ እያለ፣ እና ደስ አለው፣ ወገኛ ደስታ፣ ጥርሱን የሚያስከፍት። ብረቱ እየተበላ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እጁን ቢያነሣ ደረጄ ይቆም ነበር፣ አንድ እጅ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ አላነሣትም። አንድ ጊዜ ደግማ ትጩህ ብሎ ነው።

ወደ ወንድሙ ይጠጋል። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቱ ላይ ያነሣለታል፣ አስቦበት አይደለም፣ ይከብዳል፣ ከቴስታታው ይከብዳል፣ ዘይት የነካው እጁ ያሟልጨዋልና ወደ ሆዱ ያስጠጋዋል። እሰይ ይላሉ ጋሽ ይሻው፣ እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው ወንድም፣ በል አሁን ወዲያ ጣለውና ይቅር ለእግዚአብሔር በለው። አፉን ይከፍታል፣ ይቅር፣ ይቅር ማለት ቀላል ነበር፣ ማን ለማን ነው የሚለው፣ ጣለው እንጂ ልጄ፣ ትላለች እናቱ፣ ምን ያደርግልሃል፣ ደረጄ ቀና ይላል፣ ማጅራቱ ቀልቷል፣ ወንድሙን ያያል፣ ዓለምነው ግን ድንጋዩን እንዳቀፈ ቆሟል።